በሲባጎና በቱንቢ የቮልስዋገንን የፊት ጎማ ስለ መለካት

የአንዱ ጓደኛችን አጎት የሚነዷት አሮጌ ቮልስዋገን ሁለቱን የፊት ጎማዎች፣ ገና ዓመት ሳይሞላቸው፣ ከውጭ ጠርዛቸው በልታ ጨረሰች። መኪናይቱን ያየ አንድ ጋራዥ «የቀኝ እግሯ ተጣሟል፤ መለወጥ አለበት» ሲል ዋጋ ነገራቸው። ዋጋው ለጡረተኛ መምህር የሚቀል አልነበረም። እኛም ሦስት ተማሪዎች፣ በክፍል ውስጥ የተማርነው የማዕዘን ሒሳብ ለዚህ ነገር ይበቃ እንደ ሆነ ለመፈተን፣ መኪናይቱን ለሁለት ቅዳሜ እንዲያውሱን ለመንናቸው። «ልጆቼ፣ ፈታታችሁ እንዳትተዉብኝ እንጂ ውሰዷት» አሉን።

በመጀመሪያ ስለ ማዕዘኖቹ ጥቂት እንናገር። መኪናውን ከፊት ለፊት ቆሞ ለሚያይ ሰው ጎማው ወደ ጎን ማዘንበሉ ካምበር ይባላል፤ የላይኛው ጫፍ ወደ ውጭ ካዘነበለ አዎንታዊ፣ ወደ ውስጥ ካዘነበለ አሉታዊ ነው። ከላይ ሆኖ ለሚያይ ደግሞ ሁለቱ የፊት ጎማዎች በፊት በኩል ቀረብ፣ በኋላ በኩል ራቅ ብለው ሲቆሙ ቶ ኢን ይባላል። ሦስተኛው ካስተር ነው፤ ይኸውም መሪ ሲዞር ጎማው የሚዞርበት መስመር ከላዩ ወደ ኋላ ማዘንበሉ ነው። ከመታጠፊያ ስንወጣ መሪው በራሱ ወደ ቀጥታ እንዲመለስ ከሚያደርጉት ነገሮች ዋነኛው ይህ ነው፤ የብስክሌትን ሹካ ያስተዋለ ሰው ነገሩን ያውቀዋል።

ከ1966 እ.ኤ.አ. ሞዴል ጀምሮ ለተሠሩት ተራ ቮልስዋገኖች (በ1971 ሞዴል የመጣው ሱፐር የተባለው ዓይነት እግሩ ሌላ ስለ ሆነ በዚህ አይቈጠርም) ልኩ እንዲህ ነው። ካምበር 30 ደቂቃ ሆኖ 20 ደቂቃ ቢጨምር ወይም ቢቀንስ ይፈቀዳል። ቶ ኢን የሁለቱ ጎማዎች ድምር 30 ደቂቃ ሲሆን 15 ደቂቃ ከፍ ወይም ዝቅ ሊል ይችላል። ካስተር 3 ዲግሪ ከ20 ደቂቃ ነው፤ እዚህ ላይ 1 ሙሉ ዲግሪ መብለጥም ማነስም ይፈቀዳል። ስልሳ ደቂቃ አንድ ዲግሪ መሆኑን አንባቢ ያስታውሳል። የመኪናይቱ ቸርኬ ከጠርዝ እስከ ጠርዝ 410 ሚሊ ሜትር ስለ ሆነ፣ 30 ደቂቃ በጠርዞቹ መካከል የ3.6 ሚሊ ሜትር ልዩነት ይሆናል። እንግዲህ በሜትር የሚታይ ነገር ነው ማለት ነው። እኛ የተማመንነው እስከ ግማሽ ሚሊ ሜትር ነው፤ ይኸውም በማዕዘን 4 ደቂቃ ያህል ይሆናል።

መሣሪያችን ሲባጎ፣ ቱንቢ፣ የብረት ማስመሪያ፣ ክሪክና ውኃ የተሞላ ግልጽ የፕላስቲክ ቱቦ ነበር። ከመለካት በፊት የሁለቱን ጎማዎች ነፋስ አስተካከልን፤ ከዚያ የኋላውን ጎማ በታኮ ይዘን ፊቷን በክሪክ አንሥተን ጎማዎቹን ግራና ቀኝ ነቀነቅናቸው። የግራው ኩሽኔታ ላልቶ ስለ ተገኘ ጠበቀ። የላላ ነገር እያለ የሚገኝ ቁጥር ቁጥር አይባልም።

ለካምበር ቱንቢውን ከፓራፋንጎው ላይ ጎማውን ሳይነካ አንጠለጠልን፤ ከሲባጎው እስከ ቸርኬው የላይ ጠርዝ፣ ከዚያም እስከ ታችኛው ጠርዝ ለካን። የታችኛው ርቀት ከበለጠ ካምበሩ አዎንታዊ ነው። ቀኙ 7.5 ሚሊ ሜትር፣ ግራው ግን ምንም ሆነ። ቀኙ ከአንድ ዲግሪ በላይ ማዘንበሉ ነው! ጋራዡ እውነት ተናግሯል ብለን ደብተራችንን ዘጋን፤ እንዲያውም ወሬውን ለባለቤቷ ለመንገር ከመካከላችን አንዱ ተነሥቶ ነበር።

የመለሰን ያ ውኃ የሞላው ቱቦ ነው። የግንብ ሠራተኞች እንደሚያደርጉት አንዱን ጫፍ በቀኝ፣ አንዱን በግራ ይዘን የግቢውን ሲሚንቶ ብናይ፣ ቀኝ ጎማ የቆመበት ከግራው 12 ሚሊ ሜትር ዝቅ ያለ ነው። በሁለቱ የፊት ጎማዎች መካከል ያለው ርቀት 131 ሴንቲ ሜትር ስለ ሆነ፣ ይህ ዝቅታ ብቻውን መኪናይቱን በሙሉ ግማሽ ዲግሪ ወደ ቀኝ ያዘነብላታል። ቱንቢ የሚያውቀው ምድርን እንጂ መኪናን አይደለም፤ ስለዚህ ያንን ግማሽ ዲግሪ በቀኙ ላይ ደምሮ፣ ከግራው ላይ ቀንሶ አሳየን። በቀኝ በኩል በፊትም በኋላም ከጎማዎቹ ሥር የሸክላ ንጣፍና ቆርቆሮ ደራርበን አስተካክለን፣ መኪናይቱን ጥቂት ወደ ፊትና ወደ ኋላ ገፍተን እንደገና ለካን። ቸርኬው ራሱ ትንሽ የተጎዳ ሊሆን ስለሚችል ጎማውን በግማሽ ዙር አዙረን ደግመን ለክተን መካከለኛውን ወሰድን። ቀኙ 4፣ ግራው 3.5 ሚሊ ሜትር ሆነ። የተጣመመ እግር የለም።

እንግዲህ ጎማውን የበላው ምንድር ነው? መልሱን መዳፋችን አስቀድሞ ነግሮን ነበር፤ እኛ ግን አላደመጥነውም። በጎማው ላይ እጅን ከውጭ ወደ ውስጥ ሲጎትቱት ይለሰልሳል፣ ከውስጥ ወደ ውጭ ሲጎትቱት እንደ መጋዝ ይይዛል። ይህ የቶ ኢን መብዛት ምልክት ነው። በመኪናይቱ ግራና ቀኝ፣ በጎማው መካከል ከፍታ፣ ሁለት ሲባጎዎች በካስማ ላይ ወጠርን። ሲባጎዎቹን ከአራቱም ጎማዎች እኩል ለማራቅ የሚሞክር ሰው ይሳሳታል፤ የቮልስዋገን የፊትና የኋላ ጎማዎች ስፋት አንድ አይደለምና። ሲባጎዎቹ እርስ በርሳቸው በፊትም በኋላም እኩል ተራርቀው መኪናይቱን ከመካከል ካደረጉ ይበቃል። መሪውን ቀጥ አድርገን ከሲባጎው እስከ ቸርኬው የፊትና የኋላ ጠርዝ ስንለካ፣ በግራ 5፣ በቀኝ 6 ሚሊ ሜትር ልዩነት አገኘን። ድምሩ 11 ሚሊ ሜትር፣ በማዕዘን 1 ዲግሪ ከ32 ደቂቃ ነው፤ ከሚፈቀደው ከመጨረሻው ወሰን በእጥፍ ይበልጣል። እያንዳንዱ ጎማ በ1 ኪሎ ሜትር ጉዞ ውስጥ ወደ 13 ሜትር ያህል ወደ ጎን ይፋቃል ማለት ነው። በልኩ ቢሆን ኖሮ 4 ሜትር ከግማሽ እንኳ አይሞላም ነበር።

ስለ ካስተር አጭር ቃል ይበቃናል። ጎማዎቹን በመካከላቸው ግራሶ በተቀባ ሁለት ሁለት ቆርቆሮ ላይ አቁመን፣ ጎማውን 20 ዲግሪ ወደ ውጭ፣ ቀጥሎም 20 ዲግሪ ወደ ውስጥ አዞርነው፤ በሁለቱም ጊዜ ካምበሩን ለክተን ልዩነቱን በ1.5 አበዛን። ለ20 ዲግሪው መስመር በ1 ሜትር ላይ 36.4 ሴንቲ ሜትር ወደ ጎን ወጥቶ በጠመኔ ማስመር ነው። ግራው 3 ዲግሪ ያህል፣ ቀኙ 3 ዲግሪ ከሩብ ያህል ሆነ፤ ሁለቱም በልክ ውስጥ ናቸው።

ቁጥሮቹን ጽፈን በሰፈሩ ላሉ አንድ መካኒክ ሰጠናቸው። እርሳቸውም ወረቀቱን አንድ ጊዜ አይተው ሳቁ፤ ከዚያ የመሪውን ዘንጎች ዳዶ አላልተው እኛ ሲባጎውን እየተመለከትን ጥቂት ጥቂት እያዞሩ ድምሩን 3.5 ሚሊ ሜትር ላይ አቆሙት። ለዚህ የከፈልነው ከአንድ ጎማ ዋጋ ብዙ ያነሰ ነው። የተበሉት ጎማዎች ወደ ኋላ ሄደዋል። ሸክላዎቹ ያረፉበትን ቦታ በሲሚንቶው ላይ በቀለም አስምረነዋል፤ ከሦስት ወር በኋላ መኪናይቱን በዚያው ላይ አቁመን ደግመን ለመለካት ከባለቤቷ ጋራ ተስማምተናል።