የፍጥነት ራዳር እንዴት ይለካል? ወሰኑስ ለምን ተወሰነ?

ከአዲስ አበባ ወደ ጅማ ሲወጡ ሰበታ፣ ወደ አምቦና ነቀምት ሲወጡ ቡራዩ፣ የእንጦጦን ዳገት ተሻግረው ወደ ጎጃም ሲወጡ ደግሞ ሱሉልታ ይገኛሉ። በ2015 ዓ.ም. በሸገር ከተማ ሥር የተጠቃለሉት እነዚህ ሦስት ከተሞች አንድ የጋራ ባሕርይ አላቸው፤ ይኸውም አገር አቋራጩ ጎዳና በመካከላቸው ሰንጥቆ ማለፉ ነው። ከመዲናዋ መጨናነቅ የተላቀቀ አሽከርካሪ መንገዱ ሲከፈትለት «ከከተማ ወጣሁ» ብሎ ነዳጅ ይረግጣል። እውነታው ግን ከአንድ ከተማ ወጥቶ ወደ ሌላው መግባቱ ነው። በሰበታ ከፋብሪካ የሚወጣው ሠራተኛ፣ በቡራዩ ከገበያ የሚመለሰው ሸማችና የፈረስ ጋሪው፣ በሱሉልታ ማለዳ በመንገዱ ዳር የሚሮጠው አትሌት ያንኑ አስፋልት ይጋራሉ።

የዚህ ጽሑፍ አቅራቢም ከዚህ ስሕተት ነፃ አይደለም። ከጥቂት ጊዜ በፊት ከእነዚህ ከተሞች በአንዱ መግቢያ ላይ፣ ወሰኑ በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር በሆነ መንገድ፣ የትራፊክ ፖሊሱ ራዳር 68 አሳየብኝ። የቅጣት ወረቀቴን ይዤ ወደ መሥሪያ ቤት ስመለስ ባልደረቦቼ «ራዳሩ ከጎን ሆኖ ስለለካህ ንባቡ ትክክል ሊሆን አይችልም፤ የፊዚክስ መምህር ሆነህ እንዴት ሳትከራከር ትቀጣለህ?» አሉኝ። እርግጥ ነው፣ ንባቡ ትክክል አልነበረም። ሳልከራከር የቀረሁበትን ምክንያት ለማስረዳት ግን ራዳር ፍጥነትን እንዴት እንደሚለካ አስቀድሞ ማየት ያስፈልጋል።

ከድምፅ ወደ ራዳር

በሰበታ ስሙ የታወቀ የዓይነ ስውራን ትምህርት ቤት አለ። መንገድ ዳር ቆሞ የመኪናን አመጣጥ በጆሮው የሚከታተል ተማሪ፣ ጡሩምባ እየነፋ የሚቀርብ መኪና ድምፁ ቀጠን፣ አልፎ ሲርቅ ደግሞ ወፈር እንደሚል ያውቃል። መኪናው ሲቀርብ የድምፁ ሞገዶች ይጠጋጋሉ፤ ሲርቅ ይራራቃሉ። ይህን ክስተት በ1842 እ.ኤ.አ. በሒሳብ ያስረዳው ኦስትሪያዊው ክርስቲያን ዶፕለር ነው። ከሦስት ዓመት በኋላ ኔዘርላንዳዊው ባይስ ባሎት መለከት ነፊዎችን በባቡር አሳፍሮ፣ ሌሎች ሙዚቀኞችን ደግሞ በሐዲዱ ዳር አቁሞ የዶፕለርን ሐሳብ በጆሮ አስፈተነ፤ እውነት ሆኖም ተገኘ።

የትራፊክ ራዳር ይህንኑ ሥራ በድምፅ ፈንታ በሬዲዮ ሞገድ ያከናውናል። በሰፊው ከሚታወቁት ራዳሮች አንዱ ዓይነት በሰከንድ 24 ቢሊዮን ጊዜ ያህል የሚርገበገብ ሞገድ ይልካል። ሞገዱ ወደ ራዳሩ የሚመጣውን መኪና ነክቶ ሲመለስ ድግግሞሹ በጥቂቱ ጨምሮ ይገኛል። መኪናው በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር የሚጓዝ ከሆነ ጭማሪው በሰከንድ 2,700 ያህል ነው፤ ይህም ለእያንዳንዱ ኪሎ ሜትር በሰዓት 45 ያህል ማለት ነው። ይህን ከ24 ቢሊዮን ውስጥ ነጥሎ ማውጣት የማይቻል ይመስላል። መሣሪያው ግን የተላከውንና የተመለሰውን ሞገድ ደርቦ ልዩነታቸውን ብቻ ያስቀራል። ልዩነቱ የሰው ጆሮ ሊሰማው ከሚችለው ድግግሞሽ ክልል ውስጥ ስለሚወድቅ፣ የራዳር ትክክለኛነት የሙዚቃ መሣሪያ በሚቃኝበት ዓይነት ሹካ መሰል ብረት ሊፈተን ይችላል። ብረቱ ተመትቶ በታወቀ ድግግሞሽ ሲርገበገብ ራዳሩ የሚጠበቀውን ቁጥር ማሳየት ይኖርበታል።

ማዕዘኑ ለማን ያደላል?

ራዳር የሚያየው በቀጥታ ወደ እርሱ የሚያመራውን የፍጥነት ክፋይ ብቻ ነው። ፖሊሱ የሚቆመው በመንገዱ ዳር እንጂ በመካከሉ ስላልሆነ፣ በመኪናው አቅጣጫና በራዳሩ ጨረር መካከል ማዕዘን ይፈጠራል። የሚነበበውም እውነተኛው ፍጥነት በማዕዘኑ ኮሳይን ተባዝቶ ነው። ኮሳይን ደግሞ ከ1 ሊበልጥ አይችልም። ማዕዘኑ 10 ዲግሪ ቢሆን 60 የነበረው 59፣ 20 ዲግሪ ቢሆን 56 ሆኖ ይነበባል። ስለሆነም ቆሞ የሚለካ ራዳር በማዕዘን ምክንያት የሚሳሳተው ለአሽከርካሪው አድልቶ ነው። በእኔ ላይ የነበረው ማዕዘን 15 ዲግሪ ነው ብንል፣ 68 ተብሎ የተነበበው ፍጥነቴ በእውነቱ 70 ነበር። ብከራከር ኖሮ በራሴ ላይ መመስከሬ ነበር።

ይህ ሲባል ግን ራዳር ፈጽሞ አይሳሳትም ማለት አይደለም። ሞገዱ እንደ ባትሪ ብርሃን እየሰፋ ስለሚሄድ፣ ከአነስተኛ መኪና ኋላ የሚመጣ ትልቅ የጭነት መኪና ይበልጥ ብርቱ ምላሽ ሊሰጥ ይችላል። እንግዲህ አሽከርካሪ በአግባቡ ሊያነሣቸው የሚችላቸው ጥያቄዎች «የተለካው የትኛው ተሽከርካሪ ነው? መሣሪያውስ ተፈትሿል?» የሚሉት ናቸው። በሌዘር የሚሠራው መለኪያ ጨረሩ ጠባብ በመሆኑ የመጀመሪያውን ጥርጣሬ በእጅጉ ይቀንሳል። ይህ መሣሪያ ብርሃኑ ደርሶ እስኪመለስ የሚወስደውን ጊዜ ደጋግሞ በመለካት ርቀቱ በምን ያህል ፍጥነት እንደሚያጥር ያሰላል።

የፍጥነት ካሜራም የራሱ ታሪክ አለው። በ1958 እ.ኤ.አ. የመለኪያ መሣሪያ ድርጅት ያቋቋመው ኔዘርላንዳዊው ማውሪትስ ጋትሶኒደስ የመኪና ውድድር ተሳታፊ ነበር፤ መሣሪያውን የፈለሰፈውም በኩርባ ላይ የራሱን ፍጥነት ለክቶ ይበልጥ ለመፍጠን ነው። ከቋሚ ካሜራዎች አንዳንዶቹ በግማሽ ሰከንድ ልዩነት ሁለት ፎቶግራፎች ያነሣሉ። በአስፋልቱ ላይ የተሰመሩት መስመሮች መኪናው በዚያ ጊዜ ውስጥ 8.3 ሜትር መጓዙን ካሳዩ ፍጥነቱ በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር ነው። በዚህ ዘዴ ፎቶግራፎቹ ራዳሩን ይቆጣጠሩታል። በልዩ ልዩ አገሮች ደግሞ ሁለት ካሜራዎች ተራርቀው ይተከሉና መኪናው በመካከላቸው የፈጀው ጊዜ ተሰልቶ አማካይ ፍጥነቱ ይወጣል። እዚህ ላይ ካሜራው አጠገብ ሲደርሱ ብቻ ፍሬን መያዝ አይጠቅምም።

የራስዎ መለኪያስ?

በዳሽቦርድ ላይ ያለው የፍጥነት መለኪያ መንገዱን አያይም፤ የሚቆጥረው የጎማውን ዙረት ነው። ዓለም አቀፉ የአሠራር ደንብ መለኪያው ከእውነተኛው ፍጥነት አሳንሶ እንዳያሳይ ይከለክላል፤ በጥቂቱ አብልጦ ቢያሳይ ግን ይፈቅዳል። ችግር የሚፈጠረው ፋብሪካው ካዘዘው የሚበልጥ ጎማ ሲገጠም ነው። የጎማው ስፋት ከዳር እስከ ዳር በ5 በመቶ ቢጨምር፣ በትክክል ያሳይ የነበረ መለኪያ 60 እያሳየ መኪናው 63 ይጓዛል። ከአሜሪካ የመጣ መኪና ከሆነ ደግሞ ቁጥሩ በማይል ሊሆን ስለሚችል፣ 40 የሚለው ንባብ 64 ኪሎ ሜትር መሆኑን ማስታወስ ይገባል።

ከወሰኑ በላይ ያለው ትርፍ

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄ እንምጣ። ወሰኑን በ10 ኪሎ ሜትር ማለፍ ይህን ያህል የሚያስቀጣ ነውን?

በእንቅስቃሴ ላይ ያለ መኪና የሚሸከመው ኃይል የሚያድገው በፍጥነቱ ካሬ ነው። ፍጥነት ከ50 ወደ 60 ሲያድግ የጨመረው በ20 በመቶ ቢሆንም፣ ፍሬኑ የሚያጠፋው ኃይል ግን በ44 በመቶ ይጨምራል። ይህን በሜትር እንየው። አሽከርካሪው አደጋ አይቶ ፍሬን እስኪረግጥ 1 ሰከንድ ይፈጅበታል እንበል፤ በደረቅ አስፋልት ላይም ፍሬኑ በየሰከንዱ ከፍጥነቱ ላይ 7 ሜትር በሰከንድ ይቀንሳል እንበል። በ50 የሚነዳው 14 ሜትር ያህል ሳይዝ ተጉዞ፣ በሌላ 14 ሜትር ይቆማል። በጠቅላላው 28 ሜትር ማለት ነው።

እንግዲህ አንድ ሕፃን በ28 ሜትር ርቀት ላይ ወደ መንገዱ ገባ። በ50 የሚነዳው አሽከርካሪ ሕፃኑ እግር ሥር ደርሶ ይቆማል። በ60 የሚነዳውስ? ፍሬን ሳይረግጥ 17 ሜትር ያህል አልፏል፤ በቀረው 11 ሜትር የሚችለውን ያህል ቀንሶ ሕፃኑን የሚገጨው በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር ነው። በ70 የሚነዳው ደግሞ በ58 ይገጫል። ብዙ ሰው በ60 የሚነዳው መኪና በ10 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ብቻ የሚነካ ይመስለዋል፤ የካሬው ሕግ የሚለው ግን 40 ነው። የዓለም ጤና ድርጅትም አማካይ ፍጥነት በ1 በመቶ ሲጨምር ሞት የሚያስከትል አደጋ የመድረስ ዕድል በ4 በመቶ እንደሚጨምር ያስገነዝባል።

ከላይ ያለው ስሌት ለደረቅና ለሜዳማ መንገድ ነው። በክረምት፣ በረጠበ አስፋልት ላይ፣ ፍሬኑ በየሰከንዱ የሚቀንሰው 4 ሜትር በሰከንድ ብቻ ነው ብንል፣ በ60 የሚነዳ መኪና ፍሬን ከተረገጠ በኋላ 35 ሜትር ያህል ይሄዳል። መንገዱ እንደ እንጦጦ ቁልቁለት ቢሆንና ዝቅታው በየ100 ሜትሩ 8 ሜትር ቢደርስ፣ የመሬት ስበት ከፍሬኑ ላይ ስለሚቀማ ርቀቱ ወደ 43 ሜትር ያድጋል።

በከባድ መኪና ላይ ደግሞ ሙቀት ይጨመራል። 30 ቶን የሚመዝን የጭነት መኪና ከፍታው በ100 ሜትር ዝቅ ሲል ፍጥነቱን ሳይጨምር እንዲወርድ ከተፈለገ፣ 29 ሚሊዮን ጁል ያህል ኃይል መጥፋት አለበት። ይህ 90 ሊትር ያህል ቀዝቃዛ ውኃ የሚያፈላ ሙቀት ነው። ሁሉም በፍሬኑ ላይ ከተጫነ ፍሬኑ ግሎ መያዝ ያቅተዋል። ልምድ ያላቸው ሾፌሮች ቁልቁለቱን በከባድ ማርሽ የሚወርዱት ሞተሩ ሸክሙን እንዲጋራ ነው። በ2003 ዓ.ም. የወጣው ደንብ ቁጥር 208 የፍጥነትን ወሰን ለከባድ ተሽከርካሪ ከቀላሉ ዝቅ አድርጎ መደንገጉም ከዚሁ እውነታ ጋር የሚስማማ ነው።

ለዚህ ሁሉ የሚገኘው ትርፍ ምንድን ነው? 5 ኪሎ ሜትር በሚሆን የከተማ መንገድ ላይ በ50 የሚነዳ 6 ደቂቃ፣ በ60 የሚነዳ 5 ደቂቃ ይፈጅበታል። ልዩነቱ አንድ ደቂቃ ነው፤ እሷንም ከፊት ያለ አንድ ጋሪ ወይም ባጃጅ ይወስዳታል።

ባልደረቦቼ እንዳሉት ራዳሩ ተሳስቶ ነበር፤ ስሕተቱ ለእኔ ያደላ ስለነበር ቅጣቴን ከፍዬ ዝም አልሁ። ያን ዕለት በ28 ሜትር ርቀት ላይ ወደ መንገዱ የገባ ሰው ግን አልነበረም። ይህ የእኔ ችሎታ ሳይሆን ዕድል ብቻ ነው።