ኩላሊት ሲደክም ዩሪያ ወዴት ይሄዳል?

ዩሪያን የማያውቅ ገበሬ የለም። ነጭ ነው፤ በጆንያ ይመጣል፤ ለጤፍና ለስንዴ ይጨመራል። ይኸው ዩሪያ እኮ በሰውም ገላ ውስጥ በየቀኑ ይሠራል። እኛም ተምረን እስክናውቅ ድረስ ዩሪያ የማዳበሪያ ስም ብቻ ይመስለን ነበር። እ.ኤ.አ. በ1828 ቮለር የተባለ የጀርመን ሊቅ በሽንት ውስጥ የሚገኘውን ዩሪያ በቤተ ሙከራ ሠርቶ አሳየ። ዛሬ በጆንያ የሚሸጠው በፋብሪካ የሚሠራው ነው።

ታዲያ በገላችን ውስጥ ከየት ይመጣል? ሥጋ፥ ወተት፥ ባቄላና ሽሮ ስንመገብ ገላችን የሚፈልገውን ይወስዳል። ከተረፈው አሞኒያ የሚባል መርዝ ይወጣል። ጉበት ይህን መርዝ ወደ ዩሪያ ይለውጠዋል። ደም ደግሞ ዩሪያውን ተሸክሞ ወደ ኩላሊት ያደርሳል።

ኩላሊቶቻችን ሁለት ናቸው። ከወገብ በላይ በጀርባ በኩል ግራና ቀኝ ይገኛሉ። እያንዳንዳቸው የተጨበጠ እጅ ያህላሉ። አንዱ ደም ደጋግሞ ስለሚያልፍባቸው በቀን 180 ሊትር ያህል ውሃ ያጣራሉ። አብዛኛውን ወደ ደም ይመልሳሉ። 1 ወይም 2 ሊትር ብቻ ሽንት ሆኖ ይወጣል። ዩሪያም አብሮ ይወጣል።

ኩላሊት ሲደክም ግን ጉበት ሥራውን አያቆምም። ዩሪያ ይሠራል፤ መውጫ ግን ያጣል። ቦይ ሲደፈን ውሃ ማሳው ላይ እንደሚተኛ ሁሉ፥ ዩሪያም በገላ ውስጥ ውሃ ባለበት ሁሉ ይገባል። ወደ ምራቅ ሲገባ በአፍ ውስጥ ያሉ ጀርሞች መልሰው አሞኒያ ያደርጉታል። ስለዚህ የበሽተኛው አፍ ሽንት ሽንት ይሸታል። ወደ ላብም ይገባል። በሽታው በጣም ሲከፋ ላቡ ደርቆ ቆዳው ላይ እንደ ነጭ ዱቄት ይታያል። ሌላውም ቆሻሻ አብሮ ስለሚጠራቀም ምግብ ያስጠላል፤ ያስመልሳል፤ ያሳክካል። ጨውና ውሃ ስለማይወጣ እግርና ፊት ያብጣል። በመጨረሻም ራስን ያስታል።

እንዲህ የሆነውን ሰው «ቡዳ በላው»፥ «እርግማን ነው» ብለን ብንሸሸው እንበድለዋለን። አፉ የሸተተው ደሙ ስላልተጣራ ነው። ቶሎ ወደ ጤና ጣቢያ እንውሰደው።

እ.ኤ.አ. በ1943 ኮልፍ የተባለ የሆላንድ ሐኪም ደም የሚያጥብ መኪና ሠርቶ በሽተኛ አከመበት። ደሙ በስስ ሽፋን በኩል ሲያልፍ ዩሪያው ከበዛበት ወደ አነሰበት ይሻገራል። ነገር ግን መኪናው የሚያጥበው ደሙን ነው። በጡንቻ ውስጥ የቀረው ዩሪያ ቀስ ብሎ ወደ ደም ይመለሳል። ጉበትም ሌላ ይጨምራል። ስለዚህ አንድ ጊዜ መታጠብ አይበቃም። ኩላሊቱ ጨርሶ የደከመ ሰው ብዙውን ጊዜ በሳምንት 3 ቀን፥ በእያንዳንዱ ቀን 4 ሰዓት ያህል ይታጠባል። ዋጋውም ከባድ ነው።

ስለዚህ አስቀድሞ መጠንቀቅ ይሻላል። የደም ግፊትና የስኳር በሽታ ኩላሊትን ቀስ በቀስ ያደክማሉ፤ እንመርመር። ተቅማጥ የያዘው ሰው ፈሳሽ አብዝቶ ይጠጣ፤ ውሃው ያለቀበት ገላ ኩላሊቱ ሊቆም ይችላል። የሕመም ማስታገሻ ክኒን ያለ ሐኪም ትእዛዝ ለብዙ ጊዜ አንዋጥ። እግር ሲያብጥ፥ ሽንት ሲያንስ «ይተወኛል» ብለን አንቀመጥ።