ስካገን፦ ሁለት ባሕርና አንድ ተጓዥ አሸዋ ለማየት ምን ያስወጣል?

የዴንማርክን ካርታ ሲያዩ ከጀርመን ድንበር ወደ ሰሜን የተዘረጋ ረዥም መሬት ያገኛሉ። ዩትላንድ ይባላል። ወደ ላይ በሄደ ቁጥር እየጠበበ መጥቶ መጨረሻው ላይ ሹል ይሆናል። እዚያ ሹል ጫፍ ላይ ያለችው ከተማ ስካገን ናት። ነዋሪዋ 10 ሺህ አይሞላም። በበጋ ግን መንገዶቿ በጎብኚ ይጨናነቃሉ።

ያ ሁሉ ሰው ምን ሊያይ ይመጣል? አሸዋ፣ ነፋስና ባሕር። ደስ የሚለው ደግሞ ለእነዚህ መግቢያ የሚያስከፍል የለም። ገንዘብዎ የሚያልቀው መድረሻው፣ ማደሪያውና መብሉ ላይ ነው። ስለዚህ ከመንገዱ እንጀምር።

ከኮፐንሃገን የሚነሱ ከሆነ በባቡር በኦልቦርግ በኩል አድርገው ፍሬድሪክስሃውን ወደምትባል የወደብ ከተማ ይደርሳሉ። እዚያ ወርደው ወደ ስካገን የሚሄደውን ትንሽ ባቡር ይይዛሉ። ይህ መስመር ከ1890 ጀምሮ የሚሠራ ሲሆን የመጨረሻውን ጉዞ በ35 ደቂቃ ገደማ ይጨርሳል። ሁሉም ሲደመር 6 ሰዓት አካባቢ ይፈጃል። ደርሶ መልስ በአንድ ቀን አይሞከርም፤ ቢያንስ ሁለት ሌሊት ይያዙ።

ቲኬት ቀደም ብሎ መቁረጥ ብዙ ገንዘብ ያድናል። የዴንማርክ ባቡር ድርጅት «ኦሬንጅ» የሚባል ርካሽ ቲኬት አለው። ቁጥሩ የተወሰነ ነው፤ የሚያገለግለውም ለመረጡት ባቡርና ሰዓት ብቻ ነው። ባቡሩ ካመለጠዎት ቲኬቱም አብሮ ሄደ ማለት ነው።

በመኪና ለሚሄድ ሌላ ወጪ አለ። ኮፐንሃገን ያለችበትን ደሴት ከምዕራቡ የሚያገናኘው የስቶርቤልት ድልድይ ያስከፍላል። ለአንድ የቤት መኪና በአንድ መንገድ ብቻ ከ200 ክሮነር በላይ ነው። ክሮነር የዴንማርክ ገንዘብ ነው፤ አንድ ዩሮ ወደ 7.5 ክሮነር ይመነዘራል። ምንዛሪው ከዩሮ ጋር የታሰረ ስለሆነ ብዙም አይዋዥቅም።

ስዊድን ወይም ኖርዌይ ለሚኖር ሰው ነገሩ ይቀላል። ከጎተንበርግ ፍሬድሪክስሃውን በፌሪ፣ ማለትም ሰውና መኪና አብሮ በሚጭን ትልቅ መርከብ፣ ሦስት ሰዓት ተኩል ገደማ ነው። ከኖርዌይ ደግሞ ከላርቪክና ከክርስቲያንሳንድ ወደ ሂርትስሃልስ የሚሻገር አለ። ሂርትስሃልስ ለስካገን ቅርብ ናት።

ቪዛስ? በእነዚህ አገሮች የመኖሪያ ፈቃድ ያለው ሰው ዴንማርክ ውስጥ በ180 ቀን ውስጥ እስከ 90 ቀን ያለ ተጨማሪ ቪዛ መቆየት ይችላል። ፓስፖርቱንና የፈቃድ ካርዱን ሁለቱንም ግን መያዝ አለበት። በኢትዮጵያ ፓስፖርት ከአዲስ አበባ የሚነሳ ሰው የሸንገን ቪዛ ያስፈልገዋል። ክፍያው ለአዋቂ 90 ዩሮ ነው፤ ቪዛው ቢከለከልም አይመለስም።

ደረስን እንበል። መጀመሪያ ሁሉም የሚሄደው ወደ ግሬነን ነው፤ ከከተማው በእግርም በብስክሌትም የሚደረስ፣ መሬቱ አልቆ ወደ ባሕር የገባበት የአሸዋ ምላስ። ከመኪና ማቆሚያው ተነስተው በአሸዋ ላይ ግማሽ ሰዓት ያህል ይራመዳሉ። መራመድ ለሚከብደው ሰው ከጸደይ እስከ መጸው «ሳንድኦርመን» የሚባል፣ በትራክተር የሚጎተት አውቶቡስ አለ። የሚከፍሉት ለእሱና ለመኪና ማቆሚያው ብቻ ነው።

ጫፉ ላይ ሲደርሱ በግራዎ ስካገራክ፣ በቀኝዎ ካተጋት አለ። ስካገራክ የሰሜን ባሕር ክንድ ነው። ካተጋት ደግሞ ጨው ያነሰውን የባልቲክ ውሃ ይዞ የሚመጣው ነው። ከሁለቱም ወገን የሚመጣው ሞገድ ጥልቀት በሌለው አሸዋ ላይ ይጋጠምና ነጭ አረፋ እንደ ነጠላ ጥለት ተስቦ ወደ ባሕሩ ይገባል።

ውሃዎቹ አይቀላቀሉም የሚል ጽሑፍ ከፎቶ ጋር በፌስቡክ አይተው ይሆናል። ይቀላቀላሉ። የሚያዩት መስመር የሞገድ ግጭት እንጂ ድንበር አይደለም። ለዚህም ነው ነፋስ በሌለበት ቀን የሄደ ሰው «ይሄው ነው እንዴ?» ብሎ የሚመለሰው። የአየር ትንበያው ነፋስ ሲል ይሂዱ። ጃኬትዎ ነፋስ የማያሳልፍ ይሁን እንጂ ወፍራም መሆን የለበትም።

እግርዎን አንዱን በአንዱ ባሕር፣ ሌላውን በሌላው ማቆም ይችላሉ፤ ሁሉም ያደርገዋል። መዋኘት ግን ክልክል ነው። ከታች ያለው የውሃ ጉተታ ጎበዝ ዋናተኛንም ይወስዳል። ዳርቻው ላይ ግራጫ ድንጋይ የመሰለ ነገር ተጋድሞ ካዩም አይጠጉት፤ ያረፈ የባሕር ውሻ ነው። ብቻውን የተኛ ግልገል ቢሆንም እናቱ የጣለችው አይምሰልዎ።

ይህ ጫፍ ያለበት አይቆይም። በምዕራቡ ዳርቻ የሚሄደው የባሕር ሞገድ አሸዋ እየጫነ መጥቶ እዚህ ያራግፈዋል። ማዕበል ደግሞ ይቆርጠዋል። የዛሬ ዓመት ፎቶ ያነሱበት ቦታ ዘንድሮ ውሃ ሊሆን ይችላል። መርከበኞችም ለዘመናት ሲቸገሩበት የኖሩት በዚሁ ነው። በመንገዱ ላይ የሚያዩት ግራጫ ማማ በ1858 የተሠራ፣ መርከቦች በሌሊት ዳር እንዳይመቱ መብራት የሚያሳይ ነው። ቁመቱ 46 ሜትር ነው። መውጣት ያስከፍላል፤ ጉልበትዎ ደህና ከሆነ ግን ይውጡ። ሁለቱ ባሕሮች እንዴት መሬቱን እንደከበቡት ከላይ ሆነው ነው በደንብ የሚታየው። በኤፕሪልና በሜይ (ወሮቹም ዓመታቱም ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) ወደ ሰሜን የሚሰደዱ ጭልፊቶችና ንስሮች ባሕሩን ከመሻገራቸው በፊት እዚህ ይሰበሰባሉ።

ለእኔ ግን ከግሬነን ይበልጥ የሚደንቀው ሮቢየር ሚለ ነው። ከከተማው በስተደቡብ ምዕራብ 16 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ያለ የአሸዋ ተራራ ነው። ስፋቱ አንድ ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ጫፉ ከባሕር ወለል በላይ 40 ሜትር ገደማ ይደርሳል። በዓመት እስከ 18 ሜትር ወደ ሰሜን ምሥራቅ ይጓዛል።

አሸዋ እንዴት ይጓዛል? እዚያ ቆመው ያዩታል። ከምዕራብ የሚነፍሰው ነፋስ ደረቁን አሸዋ በተዳፋቱ ላይ ወደ ላይ ይነዳዋል። ቅንጣቶቹ ቁርጭምጭሚትዎን እየቆነጠጡ ሲያልፉ ይሰማዎታል። ጫፉ ላይ ሲደርሱ ነፋስ ወደሌለበት ወደ ማዶው ቁልቁል ይወድቃሉ። ከኋላ እየተነሳ ከፊት ሲወድቅ ተራራው ራሱ ወደፊት ይሄዳል። ዱካዎን ዞር ብለው ይመልከቱ፤ የመጀመሪያዎቹ እርምጃዎችዎ ከወዲሁ ተደፍነዋል።

እንዲህ ያለ ተጓዥ አሸዋ ድሮ አካባቢው ሁሉ ላይ ነበር። ሰዉ ዛፉን ቆርጦ፣ ሣሩን አጭዶና አስግጦ መሬቱን ስላራቆተው ነፋሱ ማሳና ቤት በአሸዋ ይቀብር ጀመር። የዴንማርክ መንግሥት በ1792 አሸዋን ለመግታት አዋጅ አወጣ። ሥሩ አሸዋ የሚይዝ ጠንካራ ሣርና ጥድ ተተከለ። ሮቢየር ሚለ ብቻ የቀድሞው ሁኔታ ምን ይመስል እንደነበር ሰው እንዲያይ ሆን ተብሎ ተተወ። በሌሎቹ ቦታዎች ግን ያንን ሣር መንቀልም ሆነ መርገጥ አይገባም።

መኪና ከሌለዎት ባቡሩ ሁልሲግ በምትባል ጣቢያ ይቆማል፤ ከዚያ በብስክሌት መሄድ ይቻላል። አገሩ ሜዳ ስለሆነ ፔዳል አያደክምም፤ የሚያደክመው ፊት ለፊት የሚመጣ ነፋስ ነው። ብስክሌት ስካገን ከተማ ውስጥ ይከራያል። ባቡር ላይ ለመጫን የራሱ ክፍያ አለው።

ሲመለሱ በአሸዋ የተቀበረውን ቤተ ክርስቲያን ይዩ። በመካከለኛው ዘመን የተሠራ የቅዱስ ሎውሬንስ ቤተ ክርስቲያን ነበር። አሸዋው እየከበበው ሲመጣ ምእመናን በሩን ለመክፈት አሸዋ መቆፈር ነበረባቸው። በመጨረሻ በ1795 ተዘጋ። ሕንፃው ፈርሶ ማማው ብቻ ቀረ፤ እሱንም ያተረፈው መርከበኞች ከባሕር ላይ ምልክት አድርገውት ስለነበረ ነው። ዛሬ ነጭ ተቀብቶ በቁጥቋጦና በአሸዋ መሃል ብቻውን ቆሟል። ቦታው በማንኛውም ሰዓት ክፍት ነው።

መኪና ያለው ሰው ግማሽ ቀን ጨምሮ ወደ ሩብየር ክኑደ ቢወርድ አይቆጭም። በ1900 ሥራ የጀመረ ሌላ የመርከብ መብራት ማማ በ60 ሜትር ገደል አፋፍ ላይ ነበር። ባሕሩ ገደሉን ከሥር እየበላ ስለተጠጋው በኦክቶበር 2019 ማማውን እንዳለ አንስተው በሐዲድ ላይ 70 ሜትር ያህል ወደ ኋላ ገፉት። ክብደቱ 700 ቶን አካባቢ ነው። አሁንም ገደሉ አፍ ላይ አይቁሙ፤ ይናዳል።

መቼ ይሻላል? ጁላይና ኦገስት ሞቃት ናቸው፤ ዋጋውም አብሮ ይሞቃል። ዴንማርኮች ሳምንትን በቁጥር ይጠራሉ፤ በጁላይ አጋማሽ ያለው «29ኛው ሳምንት» ስካገን ላይ የሀብታም ልጆች ጭፈራ ነው። የእርስዎ ጉዳይ ተፈጥሮ ከሆነ ያንን ሳምንት ይዝለሉት። ሜይ መጨረሻና ሴፕቴምበር ጥሩ ናቸው። በጁን ፀሐይ የምትጠልቀው በእኛ አቆጣጠር ከምሽቱ 4 ሰዓት በኋላ ስለሆነ ቀኑ አያልቅም። በዲሴምበር ግን የቀን ብርሃን 7 ሰዓት እንኳ አይሞላም።

ለማደሪያ ከሆቴል የሚረክሰው የእንግዶች ማረፊያ (ሆስቴል) ወይም ድንኳን የሚተከልበት ካምፒንግ ነው። ብዙ ሆነው ከሄዱ የበጋ ቤት መከራየት ያዋጣል። የሚከራየው አብዛኛውን ጊዜ ከቅዳሜ እስከ ቅዳሜ ነው። ማስታወቂያው ላይ ያለው ዋጋ ግን መጨረሻው አይደለም፤ መብራት በቆጣሪ ተነብቦ፣ የጽዳትና የአንሶላ ክፍያም ለብቻው ሊጨመር ይችላል። ውሉን ሳያነቡ አይክፈሉ። አሸዋው ላይ በዘፈቀደ ድንኳን መትከል አይፈቀድም።

ምግብ ቤት ውድ ነው። ወደቡ ላይ ትኩስ ዓሣ ይሸጣል፤ ማብሰያ ካለዎት ገዝተው ይሥሩ። የቧንቧ ውሃ ስለሚጠጣ ውሃ አይግዙ። የገዙት ፕላስቲክ ጠርሙስ ካለ አይጣሉት፤ ሲገዙ መያዣ ከፍለውበታል። ሱፐርማርኬት ያለው ማሽን ውስጥ ሲከቱት ከ1 እስከ 3 ክሮነር ይመልስልዎታል።

አንድ የቀረኝ ነገር አለ። ወደ ባሕር ዳርቻ በሚወስዱ መግቢያዎች ላይ ቁጥርና ፊደል የተጻፈበት አረንጓዴ ሰሌዳ ያያሉ። ሲገቡ በስልክዎ ፎቶ ያንሱት። ችግር ቢገጥምዎት 112 ደውለው ያንን ቁጥር ይንገሯቸው፤ የት እንዳሉ በቃል ማስረዳት ሳያስፈልግዎ ያገኙዎታል።