ከልጥፉ በፊት

ለተግባር ልምምድ ወደየወረዳው የምንልካቸው የኮሙኒኬሽን ተማሪዎች ወደ ወላይታ ሶዶ ሲመለሱ የዕለት ማስታወሻቸውን ያስረክቡኛል። አብዛኛው ምን እንደሚል ገና ሳልከፍተው አውቀዋለሁ። ጠዋት የስብሰባ ፎቶ አነሳሁ፤ ከሰዓት ዜናውን ጽፌ ፌስቡክ ላይ ለጠፍኩ፤ ማታ በቴሌግራም አጋራሁ። ፎቶው ላይ ባነር፣ የታሸገ ውኃና ፊት ለፊት የተደረደሩ ኃላፊዎች አሉ። የዜናው የመጀመሪያ ዓረፍተ ነገር ግማሹ በማዕረግ ያልቃል። ልጆቹ ሰነፎች አይደሉም፤ የታዘዙትን በሚገባ ሠርተዋል። የሚያሳስበኝ ትእዛዙ ነው፤ የሕዝብ ግንኙነት የሚባለው ሙያ ፎቶ አንስቶ ወደ መለጠፍ እየጠበበ ነው።

በኪንዶ ኮይሻ፣ ቤሌ ከተማ ቆይቶ የመጣ አንድ ተማሪ ግን ሌላ ነገር ጻፈልኝ። ስለ ማዳበሪያ ሥርጭት የወጣ ማስታወቂያ ከስልክ ወጥቶ ገበሬው ዘንድ እንዴት እንደሚደርስ ባጃጅ ተራው አጠገብ ቆሞ ተከታትሏል። ማስታወቂያው በአማርኛ ነው። ስልክ የያዘ ወጣት ድምፁን ከፍ አድርጎ ያነበዋል፤ እያነበበም ወደ ወላይትኛ ይመልሰዋል። ጎደሬና ቅቤ ይዘው ገበያ የወጡ እናቶች ቆመው ያደምጣሉ። አንዷ፣ «ያለፈውን ዓመት ብድር ያልጨረሰ ሰውም ይወስዳል?» ብላ ትጠይቃለች። ልጁ መልሱን አያውቅም፤ የመሰለውን ይነግራታል። እሷ የሰማችውን ይዛ ወደ ቀበሌዋ ትሄዳለች፤ ከዚያ በቤተ ክርስቲያን ደጅ፣ ከዚያ በዕድር ላይ ይወራል። ተማሪው ሌላም ነገር አስተውሏል፤ ከማስታወቂያው ሥር በአማርኛ የተጻፈው አብዛኛው ምስጋናና «በርቱ» ሲሆን፣ ጥያቄው ግን በላቲን ፊደል በወላይትኛ ነበር የተጻፈው። ወላይትኛ የማያነብ ኃላፊ ገጹን ቢከፍት ሕዝቡ ሁሉ ደስ ያለው ይመስለዋል።

ከዚያ በኋላ ያነሳብኝ ጥያቄ እስካሁን ከአእምሮዬ አልወጣም። «መምህር፣ የሰበሰብኩትን ጥያቄ ለማን ነው የምሰጠው?» አለኝ። በብዙ መሥሪያ ቤቶቻችን መልእክት የሚያወጣ ሰው አለ፤ የሕዝቡን ጥያቄ ተቀብሎ ውሳኔ ወደሚሰጥበት ክፍል የሚያስገባ ሰው ግን በመዋቅሩ ላይ ፈልጌ አጣለሁ። ጀምስ ግሩኒግና ቶድ ሀንት በ1984 እ.ኤ.አ. የሕዝብ ግንኙነትን በአራት ሞዴሎች ከፍለው ሲያስቀምጡ፣ የመጨረሻው ተቋሙም ከሕዝቡ ሰምቶ ራሱን የሚለውጥበት የሁለትዮሽ ግንኙነት ነበር። ተማሪዎቻችን ይህን ሞዴል ለፈተና በቃላቸው ያጠኑታል። በቀን ሦስት ጊዜ መለጠፍ በሚቆጠርበት የአፈጻጸም ሪፖርት ላይ ግን ቦታ የለውም።

ችግሩን ሁሉ በማኅበራዊ ሚዲያ ፍጥነት ለሚያሳብቡ ሰዎች የሶዶን የራሷን ታሪክ አነሳለሁ። በ1990ዎቹ መጀመሪያ በያኔው ሰሜን ኦሞ ዞን የወላይታ፣ የጋሞ፣ የጎፋና የዳውሮ ቋንቋዎች ተቀላቅለው «ወጋጎዳ» ተባሉ፤ የመማሪያ መጽሐፍም ታተመባቸው። ውሳኔው ከላይ የወረደ ነበር። ወላይታ ጉዳዩን በዱቡሻ፣ በአደባባይ ተቀምጦ የሚመክር ሕዝብ ነው፤ ልጆቹ የሚማሩበት ቋንቋ ሳይመከርበት ሲመጣ በ1992 ዓ.ም. ሶዶ ላይ ተቃውሞ ተነሣ፤ የሰው ሕይወትም ጠፋ። መጽሐፉ ቀረ፤ በ1993 ዓ.ም. ወላይታ ራሱን የቻለ ዞን ሆነ። ያኔ ፌስቡክም ቴሌግራምም አልነበረም። የጎደለው የማስተላለፊያ መንገድ ሳይሆን፣ ከማተሚያ ቤቱ በፊት «ሰዉ ይህን አይቀበልም» ብሎ የሚናገርና የሚሰማው ባለሙያ ነው። እንዲህ ያለውን ውሳኔ ምንም ያማረ መግለጫ አያድነውም፤ ዛሬ የተለወጠው ነገር ቢኖር ቁጣው ለመፈንዳት የሚፈጅበት ጊዜ ከወራት ወደ ሰዓታት ማጠሩ ነው።

ስለ ሰዓታት ካነሳሁ የጎረቤታችንን የጎፋን ሐዘን ሳልጠቅስ አላልፍም። ሐምሌ 15 ቀን 2016 ዓ.ም. በገዜ ጎፋ ወረዳ ኬንቾ ሻቻ ጎዝዲ መሬት ተንሸራቶ ሰዎችን ቀበረ፤ እነሱን ለማውጣት የሮጡትንም ሁለተኛው ናዳ ደረበባቸው። የዓለም የዜና ወኪሎች ወሬውንና ፎቶውን ያገኙት ከጎፋ ዞን የመንግሥት ኮሙኒኬሽን የፌስቡክ ገጽ ነበር። በማግስቱ የሟቾች ቁጥር ከ55 ተነሥቶ እየጨመረ 229 ደረሰ፤ የተባበሩት መንግሥታት የሰብዓዊ ጉዳዮች ማስተባበሪያ ቢሮም በዚያው ሳምንት 257 ብሎ ሪፖርት አወጣ። ሐምሌ ሳያልቅ በወላይታ ዞንም ናዳ የሰው ሕይወት ቀጠፈ።

በክፍል ውስጥ ይህን ሳስተምር ተማሪዎች ደጋግመው የሚጠይቁኝ ስለ ቁጥሩ ነው። ዛሬ 55 ብሎ ነገ 229 ማለት ባለሙያውን ውሸታም አያደርገውም ወይ? አያደርገውም፤ ዛሬ የተናገረው እስከ ዛሬ የተረጋገጠውን መሆኑን ከገለጸ። ሙያችን ሲጀመርም መሠረቱ ይኸው ነበር። በጥቅምት 1906 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ አትላንቲክ ሲቲ ላይ ባቡር ከድልድይ ወድቆ ከ50 በላይ ሰዎች ሲሞቱ፣ አይቪ ሊ የተባለው ባለሙያ የባቡር ኩባንያው ነገሩን እንዲደብቅ አልመከረም፤ የሆነውን ራሱ ጽፎ ለጋዜጠኞች እንዲሰጥ፣ ወደ ቦታውም እንዲወስዳቸው አደረገ። ብዙዎች የመጀመሪያው የፕሬስ መግለጫ ይሉታል።

ስለዚህ በየሴሚስተሩ አንድ መልመጃ እሰጣለሁ። ሌሊት ናዳ ወርዷል፤ ኔትወርኩ ይቆራረጣል፤ ከሌላ አገር አደጋ የተወሰደ ፎቶ በቴሌግራም እየዞረ ነው፤ አስተዳዳሪው መንገድ ላይ ናቸው። 20 ደቂቃ አላችሁ። አብዛኞቹ በመጀመሪያ የሚጽፉት ኃላፊው የተሰማቸውን ጥልቅ ሐዘን ነው። የምፈልገው ግን ይህን ነው፤ እስካሁን ያረጋገጥነው ይህ ነው፤ ይህን ገና እያጣራን ነው፤ በዚህ ሰዓት ተመልሰን እንናገራለን፤ አሁን እናንተ ወደ ቁልቁለቱ አትጠጉ። የመጨረሻዋ ሐረግ ሕይወት ታድናለች፤ የኬንቾ ሻቻ ሁለተኛ ናዳ ይህን በመራራ መንገድ አስተምሮናል። ከዚያ ጽሑፉን በወላይትኛ ደግመው እንዲጽፉት አዛቸዋለሁ፤ በመጨረሻም ስልክ ለሌለው ሰው ሞንታርቦ በጫነ መኪና ሲነገር እንዲገባ አድርገው እንዲያሳጥሩት። እዚህ ላይ ነው የሚቸገሩት። ቤታቸው ወላይትኛ የሚናገሩ ልጆች ለሥራ ሲጽፉበት እጃቸው ይታሰራል፤ መግለጫ ማለት አማርኛ ነው ብለን ያስለመድናቸው እኛው መምህራኑ ነን።

ሕጉም በሁለት በኩል ይጫናቸዋል። አዋጅ ቁጥር 590/2000 ለሕዝብ ግንኙነት ኃላፊው የመረጃ ጥያቄ ለመመለስ እስከ 30 ቀን ይሰጠዋል፤ ወሬ 30 ደቂቃ እንኳ አይጠብቅም። አዋጅ ቁጥር 1185/2012 ደግሞ ሐሰተኛ መረጃ ከ5,000 በላይ ተከታይ ባለው ገጽ ሲሰራጭ ቅጣቱን ያከብዳል። ሁለቱን አንድ ላይ የሚያነብ ወጣት ባለሙያ ዝምታ የሚያዋጣው ይመስለዋል። እኔ የምነግራቸው ተቃራኒውን ነው፤ 30 ቀን ጣሪያ እንጂ ማረፊያ አይደለም፤ ከሐሰት የሚጠብቃቸውም ዝምታ ሳይሆን የመረጃውን ባለቤት ቶሎ ማግኘት መቻላቸው ነው። ለዚህ ደግሞ የጤና ጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ ሌሊት ስልኩን የሚያነሳላቸው መሆን አለበት፤ የሚያነሳውም ከአደጋው ቀን በፊት የሚያውቃቸው ከሆነ ነው።

መጥፎ ወሬን ራስ መናገር ተቋምን ያፈርሳል የሚል ፍርሃትም አለ። ወላይታ ግን ተቃራኒውን በቅርቡ አይቷል። ጥር 29 ቀን 2015 ዓ.ም. ሕዝበ ውሳኔ ተካሄደ፤ ምርጫ ቦርድ በወላይታ የአሠራር ጥሰት ማግኘቱን ራሱ ገልጾ ውጤቱን ሰረዘ፤ ሰኔ 12 እንደገና ድምፅ ተሰጠ። ሕዝቡም ተመልሶ ወጣ፤ ተሰለፈ። ይህን ያህል ከባድ ነገር በግልጽ ሊነገር ከቻለ፣ የአንድ ወረዳ የውኃ ፓምፕ መበላሸቱን ወይም የመምህራን ደመወዝ የሚዘገይበትን ምክንያት መናገር ለምን እንደሚከብድ አይገባኝም።

ዘንድሮ በተግባር ልምምድ የስምምነት ደብዳቤያችን ላይ አንድ አንቀጽ ጨምረናል፦ ተማሪው ፎቶ ሊያነሳ ሳይሆን፣ ከሕዝብ የሰበሰበውን ጥያቄ ይዞ ቢያንስ አንድ ጊዜ ውሳኔ በሚሰጥበት የማኔጅመንት ስብሰባ ላይ ይቀመጥ፤ ጥያቄውንም ያንብብ። አንዳንድ ጽሕፈት ቤቶች በደስታ ፈርመዋል። ሌሎቹ «ስብሰባው ለውጭ ሰው ዝግ ነው» ብለው መልሰውልናል። ለእነዚያ ሁለተኛ ደብዳቤ አዘጋጅተናል፤ ከቤሌው ተማሪ ማስታወሻ ላይ የእናቶቹን ጥያቄዎች፣ በወላይትኛ እንደተጠየቁት፣ አባሪ አድርገንበታል።