ከደንቆሮ ወንዝ ድንጋይ ሥር

በደቡብ ወሎ ከመካነ ሰላም ከተማ ብዙም ሳይርቅ፣ ጓሳና ጅብራ ከሚበቅልበት ውርጭ የሚነሱ ቀጫጭን ጅረቶች በአስታውና በኮሶው መካከል እየተንሿሹ ወደ ደንቆሮ ጫካ ይወርዳሉ። የውሃቸው መድረሻ ዓባይ ነው። አካባቢው በ2001 ዓ.ም. የቦረና ሳይንት ብሔራዊ ፓርክ ተብሎ ተሰይሟል። የፓርኩ ስም ሲነሳ ሰው ትዝ የሚለው ቀይ ቀበሮና ጭላዳ ነው፤ በጅረቱ ውስጥ ስለሚኖረው ፍጥረት የሚጠይቅ ጥቂት ነው።

ከወራጅ ውሃ አንድ ድንጋይ አንስቶ ታችኛውን ፊት ላየ ሰው ግን ነገሩ ይገለጥለታል። ጠፍጣፋ፣ ሦስት ወይም ሁለት ቀጭን ጭራ ያላቸው፣ ከሆዳቸው ግራና ቀኝ እንደ ላባ የሚርገበገብ መተንፈሻ ያበቀሉ እጮች ድንጋዩን ሙጥኝ ብለው ይገኛሉ። ሳይንቲስቶች ኤፌሜሮፕቴራ ይሏቸዋል። ወራት በውሃ ውስጥ ያድጉና ክንፍ አውጥተው ሲወጡ የብዙዎቹ ዕድሜ ከአንድ ወይም ከጥቂት ቀናት አያልፍም። ያን ጊዜ መብላት እንኳ አይችሉም፤ የቀራቸው ሥራ መራባት ብቻ ነው። አጠገባቸው የጥቁር ዝንብ እጭ ከራሱ ባወጣው ሐር ድንጋዩ ላይ ምንጣፍ ሠርቶ፣ በጭራው መንጠቆ ተጣብቆ፣ ራሱ ላይ ባለው ማራገቢያ የሚያልፈውን ምግብ ከውሃው ያጠልላል። ከአሸዋና ከቅጠል ስብርባሪ ቤት ሠርቶ፣ ቤቱን ተሸክሞ የሚሄድም አለ።

የደጋ ውሃ ቀዝቃዛ ስለሆነ ኦክስጅን የሞላበት ይመስላል። እውነትነቱ ግን ግማሽ ነው። በባሕር ወለል ከፍታ 0 ዲግሪ ላይ ያለ አንድ ሊትር ውሃ 14.6 ሚሊ ግራም ያህል ኦክስጅን መያዝ ሲችል፣ ውሃው 20 ዲግሪ ሲሞቅ መጠኑ ወደ 9.1 ይወርዳል። ቅዝቃዜ ይጠቅማል ማለት ነው። ይሁንና 3,500 ሜትር ላይ የአየሩ ግፊት ከባሕር ወለሉ ሁለት ሦስተኛ ያህል ብቻ በመሆኑ፣ 10 ዲግሪ የሆነ ጅረት የሚይዘው ከ7 ተኩል ሚሊ ግራም አይበልጥም። ይህ በባሕር ወለል ላይ 20 ዲግሪ ከሞቀ ውሃ እንኳ ያንሳል! ዴንማርካዊው ተመራማሪ ዲን ያኮብሰን በኢኳዶር የአንዲስ ተራሮች ይህንኑ ለዓመታት ሲያጠና ቆይቷል። የውሃው መናጥና በድንጋይ ላይ መፋጨት አየር ስለሚያስገባ፣ እጮቹ ፈጣኑን ወራጅ የሚመርጡት ለዚህም ጭምር ነው። ወራጁ ቢታገድ ወይም ቢደርቅ መጀመሪያ የሚታፈኑት እነሱ ናቸው።

በአፍሪካ ከ3,000 ሜትር በላይ የሆነው መሬት አብዛኛው ኢትዮጵያ ውስጥ ነው፤ በጅረቶቹ ላይ የተጻፈው ግን ጥቂት ነው። ሃሪሰንና ሃይንስ እ.ኤ.አ. በ1988 ያሳተሙት ስለ ኢትዮጵያ ተራራማ ወንዞች ጥናት ዛሬም መነሻ ሆኖ ያገለግላል። በአውሮፓ አልፕስ ጅረቶች የሞሉት ፕሌኮፕቴራ የተባሉ ነፍሳት በእኛ ዘንድ እጅግ ጥቂት መሆናቸውም ያስገርማል፤ ከሰሐራ በታች ባለው አፍሪካ፣ ከደቡቡ ጫፍ በቀር፣ የሚገኘው በአመዛኙ ኒዮፐርላ የተባለው አንድ ወገን ነው።

እነዚህን ነፍሳት የሚጎዳቸው የታወቀ ነው። ተዳፋቱ ታርሶ ወይም ግጦሹ ተራቁቶ ክረምት ሲገባ፣ ድፍርሱ ጎርፍ በድንጋዮቹ መካከል ያለውን ክፍተት በደለል ይሞላዋል። መኖሪያቸው እዚያ ስለሆነ ቤታቸው ይደፈናል። በፋንታቸው የሚበዛው ደሙ ሄሞግሎቢን ይዞ የቀላ፣ አየር ያነሰው ጭቃ ውስጥ መኖር የሚችል ትል መሰል እጭ ነው። የከብት ፍግና የልብስ ሳሙናም ድርሻ አላቸው።

ማጠቢያ ላይ የሚደፋ ነገር ታች ያለውን ፍጥረት እንደሚነካ ኢትዮጵያ ለዓለም ያሳየችው ትምህርት ነው። ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 ዓድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ዝቅ ብሎ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች አየ። ቢልሃርዝያን የሚያስተላልፈውን ቀንድ አውጣ የሚገድል መድኃኒት ከዚያ ተገኘ። እንዶድ ግን ለዓሣም መርዝ ነው።

አስቻለው ላቀውና ኦስትሪያዊው ኦቶ ሞግ ለማዕከላዊና ለደቡብ ምሥራቅ ደጋ ወንዞች የነፍሳት የነጥብ አሰጣጥ አዘጋጅተው እ.ኤ.አ. በ2015 አሳትመዋል። ንጹሕ ውሃ የሚሻው ነፍሳት ከፍ ያለ፣ ብክለት የሚችለው ዝቅ ያለ ነጥብ ያገኛል። ውሃው ኩልል ብሎ ቢታይም ነጥቡ ያጋልጠዋል። መረብ፣ ነጭ ሳህንና ትዕግሥት ይበቃሉ፤ ውድ መሣሪያ አያስፈልግም። መቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲ በመካነ ሰላም ግቢ አለው። መምህራንና ተማሪዎች የደንቆሮን ጅረቶች በዚህ መንገድ፣ በበጋና ከክረምት በኋላ፣ ዓመት ከዓመት ይከታተሏቸው፤ ከታች የሚጠጣው ሰውና ከብት ነውና።