የአንድ ድምፅ ክብደት ስንት ነው?

በጉንደ ወይን የሚኖር አንድ አርሶ አደርና በጅግጅጋ የሚኖር አንድ ነጋዴ በምርጫ ቀን እኩል አንድ አንድ ድምፅ ይሰጣሉ። ለመሆኑ ሁለቱ ድምፆች ምክር ቤት ሲደርሱ እኩል ይመዝናሉን? ዴሞክራሲን ለማሻሻል የሚበጀው የምክር ቤት አባላትን የአገልግሎት ዘመን መገደብ ነው ወይስ የምርጫ ክልሎችን እንደገና ማካለል የሚለው ክርክር አብዛኛውን ጊዜ በስሜት ይካሄዳል። እኛ ግን ከሒሳብ እንጀምር።

በግንቦት 1999 ተጀምሮ በአፋርና በሶማሌ ክልሎች በኅዳር 2000 በተካሄደው ሦስተኛው የሕዝብ ቆጠራ የአገሪቱ ሕዝብ 73.75 ሚሊዮን ሆኖ ተመዘገበ። ይህን ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት 547 መቀመጫዎች ስናካፍለው ለአንድ ተወካይ 135 ሺህ ያህል ሰው ይደርሳል። አማካዩ ግን ብዙ ይሰውራል። አማራ ክልል በ17.2 ሚሊዮን ሕዝቡ 138 መቀመጫ ስላለው ለአንድ ተወካይ 125 ሺህ ሰው ይደርሰዋል። በኦሮሚያ 27 ሚሊዮን ለ178 ሲካፈል 152 ሺህ፣ በሶማሌ ክልል 4.4 ሚሊዮን ለ23 ሲካፈል 193 ሺህ ይሆናል። ስለዚህ በዚያ ቆጠራ መሠረት የጉንደ ወይኑ አርሶ አደር አንድ ድምፅ የጅግጅጋውን ነጋዴ አንድ ተኩል ድምፅ ያህል ይመዝናል ማለት ነው። ጎጃሜ አንባቢዎቻችን በዚህ ደስ ይላቸው እንደሆነ አናውቅም።

ሕገ መንግሥቱ ለዚህ መድኃኒት አዘጋጅቷል። አንቀጽ 103 ቆጠራ በየ10 ዓመቱ እንዲካሄድ፣ የፌዴሬሽን ምክር ቤትም የቆጠራውን ውጤትና የምርጫ ቦርድን ሐሳብ መሠረት አድርጎ የምርጫ ክልሎችን ወሰን እንዲወስን ያዝዛል። አንቀጽ 54 በበኩሉ የመቀመጫውን ቁጥር ከ550 እንዳይበልጥ ገድቦ፣ ለአነስተኛ ብሔረሰቦች ቢያንስ 20 መቀመጫ ይጠብቃል። ይህኛው ልዩነት ሆን ተብሎ የተደነገገ ስለሆነ እንደ ጉድለት አንቆጥረውም።

መድኃኒቱ ግን መራራ ነው። ልዩ ጥበቃውን ለጊዜው ትተን 547ቱን መቀመጫዎች በ1999ኙ ቆጠራ መሠረት ብናከፋፍል ኦሮሚያ ወደ 200፣ ሶማሌ ወደ 33 ከፍ ሲሉ አማራ ወደ 128 ይወርዳል። ከቆጠራው በኋላ የተነሣው ክርክር እዚህ ላይ ትርጉም ያገኛል። የአገሪቱ ሕዝብ በዓመት 2.6 በመቶ አድጓል ሲባል የአማራ ክልል ዕድገት 1.7 በመቶ ብቻ ሆኖ ተመዘገበ። ምክንያቱ የወሊድ መቀነስ ነው፣ ፍልሰት ነው፣ ወይስ የቆጠራ ጉድለት? የክልሉ ሕዝብ ከ1987ቱ ቆጠራ ተነሥቶ በአገር አቀፉ ፍጥነት አድጎ ቢሆን ኖሮ 19 ሚሊዮን ገደማ በደረሰ፣ ድርሻውም እዚያው 138 ላይ በቆመ ነበር። በእነዚህ ሁለት መቶኛዎች መካከል 10 የምክር ቤት መቀመጫዎች ተቀምጠዋል።

ማካለል ሌላም አደጋ አለው። በጉንደ ወይን ዙሪያ የመራጮቻቸው ብዛት እኩል የሆነ 9 ቀበሌዎች እናስብ። 4ቱ ፓርቲ «ሀ»ን፣ 5ቱ ፓርቲ «ለ»ን ይመርጣሉ እንበል። ሦስት ሦስት ቀበሌ ያሏቸው 3 የምርጫ ክልሎች ስናበጅ የ«ሀ»ን ቀበሌዎች 2፣ 2 እና 0 አድርገን ከደለደልን አናሳው «ሀ» ሁለት መቀመጫ ያሸንፋል። 3፣ 1 እና 0 ካደረግን ግን አሸናፊው «ለ» ይሆናል። አንድም ሰው ሐሳቡን አልለወጠም፤ የተለወጠው መስመሩ ብቻ ነው። አሜሪካኖች ይህን ጥበብ እ.ኤ.አ. በ1812 እንዲህ ያለውን የማካለል ሕግ በፈረሙት በማሳቹሴትስ ገዥ በኤልብሪጅ ጌሪ ስም «ጌሪማንደር» ይሉታል። በእኛ አገር የምርጫ ክልል አብዛኛውን ጊዜ የወረዳን ወሰን ስለሚከተል ዋናው ችግር የመስመሩ ቅርጽ ሳይሆን የሕዝቡ ብዛት አለመመጣጠን ነው።

የዘመን ገደብስ? ሕገ መንግሥቱ ፕሬዚዳንቱን ከሁለት ጊዜ በላይ እንዳይመረጥ ሲከለክል በጠቅላይ ሚኒስትሩም ሆነ በምክር ቤት አባላት ላይ ይህን ገደብ አልጣለም። አቶ መለስ ዜናዊ ከ1987 ጀምሮ በነሐሴ 2004 እስካረፉበት ጊዜ በጠቅላይ ሚኒስትርነት ቆይተዋል። የአስፈጻሚውን ሥልጣን መገደብ የሚደገፍ ሐሳብ ነው፤ የሕግ አውጪውን መገደብ ግን ከዚህ ይለያል። ሜክሲኮ እ.ኤ.አ. ከ1933 ጀምሮ የምክር ቤት አባላት በተከታታይ እንዳይመረጡ ከለከለች። ፓርቲው ግን እስከ 2000 እ.ኤ.አ. ከፕሬዚዳንትነቱ አልወረደም፤ ተወካዩ የሚቀጥለውን ሥራ የሚያገኘው ከመራጩ ሳይሆን ከፓርቲው ነበርና ዓይኑ ወደዚያው ነበር። በእኛ አገርም በ2007 ምርጫ ኢሕአዴግና አጋሮቹ 547ቱንም መቀመጫዎች ሲይዙ ቢያንስ ግማሹ ሰው አዲስ ይሁን ብንል ኖሮ የሚለወጠው ወንበር ላይ የሚቀመጠው ሰው ብቻ በሆነ ነበር።

ስለዚህ ከሁለቱ ማካለልን እንመርጣለን። እርሱም ቢሆን በቂ አይደለም፤ አንድ ድምፅ የበለጠ ሁሉን በሚወስድበት የአብላጫ ሥርዓት የተሸናፊዎች ድምፅ እንደተበታተነ ይቀራል።

አራተኛው ቆጠራ በ2010 ሊካሄድ ታቅዶ ተራዘመ፤ በሰኔ 2011 ሁለቱ ምክር ቤቶች በጋራ ተሰብስበው እንደገና አራዘሙት። የ2013ቱ ምርጫም ያለ አዲስ ቆጠራ ተካሄደ። አዲስ ቆጠራ ሲመጣ አስቀድሞ የሚጠየቀው ማን እንደሚቆጥር ብቻ ሳይሆን ማን እንደሚያጣራም ነው። የስታቲስቲክስ ባለሙያዎች ለዚህ የታወቀ ዘዴ አላቸው፦ ከቆጠራው በኋላ በናሙና በተመረጡ ቀበሌዎች ሌላ ራሱን የቻለ ቡድን እንደገና ይቆጥርና ሁለቱን መዝገቦች ሰው በሰው ያነጻጽራል። በመጀመሪያው መዝገብ የተዘለሉት ሰዎች ቁጥር ከዚያ ይገመታል። የጉንደ ወይን ቀበሌዎች በናሙናው ውስጥ ከገቡ ቆጣሪ በየደጁ ሁለት ጊዜ ይመጣል።