የስካን ፍጥነት አለካክ፤ ከማሽኑ ቁጥር እስከ ካዛንቺስ መዝገብ ቤት

የስካነር ፍጥነት የሚነገረው በደቂቃ በሚያሳልፈው ወረቀት ወይም በሚያወጣው ምስል ብዛት ነው። ሁለቱ ግን አንድ አይደሉም። የወረቀቱን ሁለት ፊት በአንድ ማለፍ የሚያነብ ማሽን በደቂቃ 40 ወረቀት ቢያሳልፍ 80 ምስል ያወጣል። ሻጩ 80ን አጉልቶ ቢጽፍ አልዋሸም፤ 80 ወረቀት ያልፋል ብሎ የጠበቀ ገዢ ግን ተታልሏል። የማንበቢያ ዓይኑ አንድ ብቻ የሆነ ማሽን ደግሞ ወረቀቱን ገልብጦ ዳግም ስለሚያስገባው በሁለት ፊት ሥራ ላይ ፍጥነቱ ክፉኛ ይወርዳል።

ቀለምና ጥራትም ቁጥሩን ይለውጡታል። አንድ የኤ ፎር ገጽ በኢንች 300 ነጥብ ሲነሣ ወደ 8.7 ሚሊዮን ነጥብ ይይዛል። ይህ ሳይታመቅ በጥቁርና ነጭ 1 ሜጋባይት፣ በቀለም 26 ሜጋባይት ያህል ነው፤ ጥራቱ ወደ 600 ሲወጣ የቀለሙ ከ100 ሜጋባይት ያልፋል። በሰከንድ 100 ሜጋቢት በሚያሳልፍ የኔትወርክ ገመድ ያ 26 ሜጋባይት ለብቻው ከ2 ሰከንድ በላይ ይፈጃል። ስለዚህ ማሽኑ ምስሉን ቶሎ የሚያምቅበት አቅም ከሌለው፣ ወረቀት የሚስበው ሞተር የቱንም ያህል ቢፈጥን ትርፉ ወረፋ ነው።

አምራቾች ቁጥራቸውን በየራሳቸው መንገድ ሲለኩ ማወዳደር ስለሚያስቸግር ዓለም አቀፉ የደረጃዎች ድርጅት የጋራ መለኪያዎች አውጥቷል። ለማተም 24734፣ ለፎቶ ኮፒ 24735፣ ለስካን ደግሞ 17991 የሚል ቁጥር የያዙት ናቸው። የሙከራ ገጾቹ፣ የማሽኑ አዘገጃጀትና የሪፖርቱ ይዘት አስቀድመው የተወሰኑ በመሆናቸው ሁለት ማሽኖችን ጎን ለጎን ለመመዘን ይረዳሉ። የሙከራ ገጾቹ ግን ንጹሕና ወጥ ናቸው፤ የመዝገብ ቤት ወረቀት እንዲህ አይደለም።

በቂርቆስ ክፍለ ከተማ ካዛንቺስ ልዩነቱ በቅርብ ይታያል። እ.ኤ.አ. በ1958 የተቋቋመው የተባበሩት መንግሥታት የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን ዋና መሥሪያ ቤት እዚያው ነው። የእንዲህ ዓይነት ተቋም ሪፖርቶች መጠናቸው ተቀራራቢ፣ ጽሑፋቸውም የታተመ ስለሆነ ጥራዙ ከተፈታ በኋላ ለአውቶማቲክ መጋቢ ይመቻሉ። የወረዳና የክፍለ ከተማ ፋይል ሌላ ነው። አንዱን ክላሴር ለከፈተ ሰው ጉርድ ፎቶ የተለጠፈበት ማመልከቻ፣ ቴምብር የተለጠፈበት ውል፣ ተጣጥፎ የኖረ የይዞታ ካርታ፣ በካርቦን የተባዛ ስስ ደብዳቤና ቀለሙ የለቀቀ ደረሰኝ በአንድ ፋስትነር ታስረው ይገኛሉ። ፎቶና ቴምብር በመጋቢው ውስጥ ተልጠው ሊቀሩ ስለሚችሉ ወረቀቱ መስታወቱ ላይ ተዘርግቶ አንድ በአንድ ይነሣል። ማኅተሙ ደብዛዛ ሐምራዊ ከሆነ በጥቁርና ነጭ ጨርሶ ሊጠፋ ይችላል። ማኅተም የሌለው ቅጂ ደግሞ ለባለጉዳዩ ምንም አይፈይድለትም፤ ቀለሙ የግድ ነው።

የሰው ጊዜ ሲጨመርበት የማሽኑ ቁጥር ትንሽ ይሆናል። 60 ወረቀት ያለው ፋይል በደቂቃ 40 በሚያሳልፍ ማሽን በ90 ሰከንድ ያልቃል። የስቴፕለር ሽቦና አግራፍ ማውጣት፣ የተጨማደደውን ማቃናት 6 ደቂቃ፣ ምስሉን ማየትና ስም መስጠት 3 ደቂቃ ቢወስድ ጠቅላላው 10 ደቂቃ ተኩል ይሆናል፤ በደቂቃ 6 ወረቀት እንኳ አይሞላም። በእጥፍ የሚፈጥን ማሽን ቢገዛ የሚተርፈው 45 ሰከንድ ብቻ ነው። ወረቀት የሚያዘጋጅ ሁለተኛ ሰው ተመድቦ የዝግጅቱ ጊዜ በግማሽ ቢቀንስ ግን ፍጥነቱ በደቂቃ 8 ይደርሳል።

ስም አሰጣጡ የራሱ ጣጣ አለው። ኃይሉ፣ ሐይሉና ሀይሉ አንድ ሰው ሊሆኑ ይችላሉ፤ ኮምፒውተሩ ግን ሦስት ሰዎች አድርጎ ይይዛቸዋል። የቀኑ አቆጣጠር የኢትዮጵያ ይሁን የአውሮፓ ካልተለየም ፋይሉ በሰባት ወይም በስምንት ዓመት ርቀት ላይ ይቀመጣል። ቴሰራክትን የመሳሰሉ ጽሑፍ አንባቢ ፕሮግራሞች አማርኛ ያነባሉ፤ በእጅ ጽሑፍና በደበዘዘ ታይፕ ላይ ግን ስሕተታቸው ስለሚበዛ ውጤቱን ሰው ማረም አለበት። የሚፈጀውም ጊዜ ከስካኑ ሒሳብ ውጭ ሊሆን አይገባም።

የአንድን ቢሮ ምርታማነት ለመለካት እንግዲህ የተመረጠ ንጹሕ ወረቀት አይበቃም፤ ከመደርደሪያው እንደተገኘ የሚወሰድ ፋይል ያስፈልጋል። ሰዓቱ ፋይሉ ሲፈታ ይጀምራል፤ የሚቆመው ሌላ ሠራተኛ ፈልጎ ሲያገኘው ነው። ወረቀት የያዘበት፣ ሁለት ወረቀት አብሮ ያለፈበት፣ መብራት ጠፍቶ ማሽኑ እንደገና እስኪነሣ የተጠበቀበት ጊዜ ሁሉ ይመዘገባል። ጠዋት ማሽኑ ገና ሲበራና ከሰዓት በኋላ በሥራ ሙቀት ላይ እያለ የሚገኘው ውጤትም ይለያያልና ሁለቱም ይወሰዳል። ጠቅላላው የገጽ ብዛት የሚካፈለው ለሥራው በዋለው የሰው ሰዓት ነው፤ ዳግም የተነሡ ገጾች አንድ ጊዜ ብቻ ይቆጠራሉ። በጨረታ ስፔሲፊኬሽን ላይም በደቂቃ ከሚፈለገው ብዛት ጎን ጥራቱ፣ ቀለሙ፣ አንድ ፊት ወይም ሁለት ፊት መሆኑና የሚሞከርበት የወረቀት ዓይነት ካልተጻፈ፣ ተጫራቹ በጥቁርና ነጭ፣ በዝቅተኛ ጥራት የተገኘውን ቁጥር ያቀርባል።